የሸህ ሰይድ ዋንዛዎች

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሐይቅ ከተማ
ቢላዬን በአልኮል እየጠረግኩ ነው። ናሙና ለመቁረጥ ወደ አርዲቦ ልወጣ ስል ስልክ፤ ላቦራቶሪው። የዲ.ኤን.ኤ ውጤት ደርሷል። እንጨት የሚያበሰብሰው እንጉዳዬ አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለት ነው። መልኩ አንድ፣ ቡናማ ጀርባው አንድ፣ ዘሩ ግን ለየቅል። ማስታወሻዬ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቢላውን መልሼ አስቀመጥኩት።

9 ሰዓት
ከክረምት በፊት ለአርዲቦው ገበሬ ለሸህ ሰይድ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። በማሳቸው ዳር ባሉት ሰባት ዋንዛዎች ላይ የበቀለው፣ የጎረቤታቸውን የወ/ሮ የሺን ወይራዎች ካደረቀው ጋር አንድ ነው አልኳቸው። በዓይን አይቼ ብቻ። ካልተቆረጡ ይዛመታል አልኩ። ዋንዛዎቹ አባታቸው የተከሏቸው ናቸው። ሁለቱን ቆረጡ። አምስቱን ቅዳሜ ጎረቤት ተሰብስቦ ሊጥላቸው ነው።
ውጤቱ ግን፦ የወይራው ገዳይ ነው። የዋንዛው የሞተውን የግንድ ልብ ብቻ የሚበላ፤ ዛፉ አብሮት ይኖራል።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ፣ ደሴ
አማካሪዬ በስልክ ቆይ አሉኝ። በአንድ ዘረ መል ብቻ ዝርያ አይለይም፣ ይደገም፣ እስከዚያ ለማንም እንዳትናገሪ። ልክ ናቸው። ቅዳሜ ግን አይጠብቅም።
እዚህ ላቦራቶሪ የሁለቱን ዛፎች እንጉዳይ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ያዳቀልኩባቸውን ሳህኖች ከፈትኩ። የዋንዛው ከዋንዛው ተዳቅሏል። የወይራው ከወይራው፣ እንዲሁ። የዋንዛውና የወይራው ግን ጎን ለጎን ስንት ቀን ከርመው አልተዳቀሉም፤ ይህም ሁለት ዝርያ ናቸው የሚል ነው። ሁሉንም ሦስቴ አየሁ። ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 5፣ ዓርብ፣ አርዲቦ
ነገርኳቸው። ሸህ ሰይድ ከጁምዓ ሲመለሱ፣ ወ/ሮ የሺም ባለችበት። ተሳስቼ ነበር አልኩ። እስካሁን ያለኝንም፣ ገና የሚቀረውንም ሳልደብቅ። የሺ ተቆጣች። የተረፉት ወይራዎቿ ቢደርቁ ማን ሊጠየቅ ነው?
«ያን ጊዜም አንድ ነው ያልሽው አንቺው ነሽ» አለችኝ።
ሸህ ሰይድ ከተቆረጡት ዋንዛዎች የአንዱ ጉቶ ላይ ተቀመጡ። መሬት መሬት አያለሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።
«አላውቅም ብትዪኝ ኖሮ እኮ እጠብቅሽ ነበር፣ ልጄ» አሉ።
ይቅር በሉኝ አልኳቸው።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ 5 ሰዓት
መጥረቢያ የያዙ ዘጠኝ ሰዎች መጡ። ሸህ ሰይድ ወደ የሺ ግቢ መሯቸው። የደረቁትን ወይራዎች ጣሉላት፣ ጉቶውን ነቅለው አቃጠሉ። አምስቱ ዋንዛዎች ቆመዋል። የሺ አሁንም አላመነችኝም። እውነቷን ነው።
ለአማካሪዬ ጻፍኩ፦ መናገሬን፣ ወደ አዲስ አበባ አለመመለሴን። እስከሚመጣው ክረምት እዚሁ ነኝ። በየሳምንቱ የአምስቱንም የየሺንም ዛፎች እመረምራለሁ። መመረቂያ ጽሑፌ ቢዘገይ ይዘግይ። ሁለቱ ዋንዛዎች በስሕተቴ መቆረጣቸው ይጻፍበታል፤ የማን እንደነበሩም፣ ሸህ ሰይድ ከፈቀዱልኝ። ሰኞ እጠይቃቸዋለሁ።