ላንድሮቨሯ ማንኪራ ወጣች

ቦንጋ፤ ማክሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለአስካለማርያም
ድሬዳዋ

አስካልዬ፣ ከሰላምታው በፊት ወሬውን ልንገርሽ፤ ካላወጣሁት ሆዴን ሊያፈነዳው ነው። የማንኪራዋ ላንድሮቨር ተነሳች! ያቺ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዶሮ ሲያድርባት የከረመችው፣ የሟቹ የሀብተሥላሴ ላንድሮቨር፣ ዓርብ ዕለት ማንም ሳይጎትታት ዳገቱን ወጣች። የሞተሯን እሳት ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ በእነዚሁ በምታውቂያቸው እጆቼ።

አሁን ሰላምታው ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ልጃችን ፀዲ በረታችልኝ? የልጅ ልጃችን ዝማሬስ ጥርስ አወጣች? እኔ ደህና ነኝ። ጾሙ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሽሮ መሥራት ለምጃለሁ፣ ጨው ግን አሁንም ይበዛብኛል። በስልክ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ያ ከእኛ ዝቅ ብሎ ጋራዥ የከፈተው ወጣት፣ ሰላሐዲን፣ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ በፀዲ ስልክ ይልክልኛል። «ሳታነብ አንሳ» ብዬ አስምዬዋለሁ። ለምን ደውዬ እንዳልነገርኩሽ ወደ ታች ታገኚዋለሽ። አትዝለዪ ታዲያ፤ በተራው አንብቢ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ሰኞ ነው። በራችን ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ፣ ሰላሐዲን በፒካፑ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር እየጎተተ መጣ። መሪዋን የያዘችው የሀብተሥላሴ ልጅ ተሾመች ናት፤ ግብርና ቢሮ የምትሠራዋ። ገና ሳይወርዱ «እኔ ከሞተር ርቄያለሁ፤ መልሳችሁ ውሰዷት» አልኳቸው።

«ጋሽ ግዛቸው» አለኝ ሰላሐዲን፣ በዚያ እንደ ከበሮ በሚያስገመግም ድምፁ፣ «እኔ ኮምፒውተር ሰክቼ ነው የሞተሩን በሽታ የማነበው። ይህቺ መሰኪያ እንኳ የላትም! ቦንጋ ውስጥ የዚህችን ቋንቋ የሚያውቅ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ነገሩን ያስረዳኝም እሱ ነው። የተሾመች ወንድም መኪናዋን ለቁራጭ ብረት ሊሸጣት ከአንድ የጅማ ነጋዴ ጋር ተስማምቷል፤ ነጋዴው ቅዳሜ በአይሱዙ ይመጣል። ማንኪራ ያሉት እናታቸው ግን «እስከ ቅዳሜ በራሷ ጉልበት ደጄ ከደረሰች አትሸጥም፤ ካልደረሰች ውሰዷት» ብለዋል። ተሾመች መንዳት የተማረችው በዚህች መኪና ነው፤ አባቷ የጫካ ቡናና ማር ከማንኪራ ሲያወርድ አጠገቡ ተቀምጣ። ይህን ስሰማ ተነስቼ ኮፈኗን ከፈትኩ።

ሰኞና ማክሰኞ ፈትቼ አጠብኩ። ታንከሯ ውስጥ የአይጥ ጎጆ ነበር ብልሽ ታምኛለሽ? ካርቡራተሯን አጸዳሁ፣ ብልጭታ የሚሰጡትን ካንዴላዎቿን ቀየርኩ፣ ብልጭታውን የምትቆርጠውን ትንሿን ብረት፣ ፑንቲናዋን፣ በስስ የአሸዋ ወረቀት አሸሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ልናስነሳት ሞከርን። አልተነሳችም። ይባስ ብላ በካርቡራተሯ በኩል እሳት ተፋችና ቅንድቤን ለበለበችኝ። ሰላሐዲን ውኃ ይዞ ሲሮጥ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ እስቃለሁ። ጥፋቱ ገብቶኝ ነበራ! ፒስተን ሁለት ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፤ አንዴ ቤንዚኑን ለመጭመቅ፣ አንዴ ጭሱን ለማስወጣት። እኔ ሽማግሌው እሳቱን በጭሱ ጊዜ አስይዤዋለሁ። እንዲህ ያለውን ስህተት በሃያ ዓመቴ እንኳ አልሠራሁም። ግን አስካል፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ስቄ ሆዴን አመመኝ።

ረቡዕ ጠዋት እንደገና ጀመርን። የመጀመሪያውን ካንዴላ ፈትቼ ተሾመችን ቀዳዳውን በአውራ ጣቷ እንድትደፍን አደረግኋትና እኔ ከፊት ሆኜ ሞተር ማስነሻውን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ ማዞር ያዝኩ። ፒስተኑ የሚወጣው ሊጨምቅ ከሆነ አየሩ ጣትን ገፍቶ ይወረውራል። ወረወረው! ጣቷ ሲዘልል፣ አፏም ሲከፈት አየሁ። ጮኻለች። ጩኸቱ ግን ወደ እኔ አልመጣም። ማዞሬን ቀጠልኩ፤ እጄን የያዘኝ ሰላሐዲን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና የደበቅኩሽን ልንገርሽ። ካቻምና በግንቦት የዋጫው የጋሽ ኢሳይያስ ፔጆ ሞተር መቃጠሉን ታስታውሻለሽ። «ቤንዚኑ ነው፤ ሻጩ ጋዝ ቀላቅሎበታል» ብዬሽ ነበር። አንቺም ገበያ ላይ ቆመሽ ስለ እኔ ስትሟገቺ ከርመሻል። ውሸት ነው። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። አርባ ዓመት እሳት ያስያዝኩት በጆሮዬ ነበር። አንቺ ከመካኒክ ጋር ስለኖርሽ ታውቂዋለሽ፤ ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ የአንዷ ዘነዘና ካልተነሳ የሌላዋ መውረድ የለበትም። ብልጭታውም እንደዚያ ነው፤ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መምጣት አለበት። በጣም ከቀደመ ገና እየወጣ ያለውን ፒስተን አናቱን ይለዋል፤ ሞተሩ እንደ ጠጠር እየተንኳኳ ይጮኻል፤ ዝም ከተባለም ይቃጠላል። ያ ፔጆ እየጮኸ ነበር፤ እኔ ግን አልሰማሁትም። «ድምፁ እንዴት ጠራ!» ብዬ ኮፈኑን ዘጋሁለት። ከዚያ በኋላ ደጃችን ለምን ጭር እንዳለ አሁን ገባሽ።

ወደ ረቡዕ ልመለስ። ጆሮዬ ከከዳኝ ዓይኔ አለ አልኩ። ከአሮጌ ባጃጅ አንዲት አምፖል ፈታሁና ሁለት ሽቦ አሰርኩባት፤ አንዱን ብልጭታውን ከሚያመነጨው ከቦቢናው፣ ሌላውን ከመኪናዋ ገላ ጋር አገናኘሁ። ፑንቲናዋ ስትገጥም አምፖሏ ትጠፋለች፤ ስትላቀቅ ትበራለች። የምትላቀቅባት ቅጽበት ደግሞ ብልጭታው የሚወለድባት ናት። ከሞተሩ ፊት የሚዞረው ፑሊ ላይ ያለችውን ጭረት ከምልክቷ ጋር አገጣጠምኩ። ፀሐዩ አምፖሏን እንዳያደበዝዝብኝ ተሾመችና ሰላሐዲን ጋቢዬን እንደ ድንኳን ወጠሩልኝ። ከሥሩ ገብቼ ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር በሁለት ጣቴ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ እጅግ በጣም በቀስታ አዞርኩ። ጨለማ። ትንሽ ጨመርኩ። ጨለማ። ከዚያ፣ ጣቴ የተነቃነቀ ሳይመስለኝ፣ ቦግ!

«በራች!» ብዬ ስጮህ ጋቢውን ለቀውት አናቴ ላይ ወደቀ። እንደተሸፈንኩ ብሎኑን አጠበቅኩ።

በሁለተኛው የማኖቬላ ዙር ተነሳች። በጆሮዬ ሳይሆን በክንዴ ሰማኋት፤ ከጭቃ ጠባቂዋ በመዳፌ ገብታ እስከ ትከሻዬ ደረሰች። ብርጭቆ ውኃ ኮፈኗ ላይ አኖርኩ። ውኃው እንደ ሐር ብቻ ይርገበገባል። ሰላሐዲን መሬት ላይ ተንበርክኮ የማርሚታዋን ጭስ በእጁ ይዳስሳል፤ ተሾመች ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። የእኔን አትጠይቂኝ።

ሐሙስ የሚካኤል ዕለት ስለሆነ ብረት አልነካሁም። ዓርብ ሄድን። እሳት በትክክል መያዙ የሚታወቀው ዳገት ላይ፣ ጭነት ሲከብድ ነው፤ የሚታወቀውም በጆሮ ነው። መሪውን ለተሾመች ሰጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከቦንጋ ወጥተን የማንኪራው ዳገት ሥር ስንደርስ «አቁሚ» አልኳት።

የሷ መኪና እንደ ጋሽ ኢሳይያስ ፔጆ ብትሆንስ?

«ተሾመች፣ ጆሮዬ ሄዷል» አልኳት።

ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ፊቷን ወደ እኔ አዞረችና ከንፈሯን እንዳነብ ቃሉን እየለያየች «አውቃለሁ ጋሽ ግዛቸው። ረቡዕ ስጮህ አልሰሙኝም» አለች። «ምን ላድርግልዎ?»

«ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚንኳኳ ያለ ነገር ከሞተሩ ከሰማሽ እጅሽን አንሺ።»

መቶ ሜትር ሳንወጣ እጇ ተነሳ። ወርጄ ዲስትሪቢዩተሩን የጤፍ ታህል ወደ ኋላ መለስኩት። ቀጠልን። ትልቁ መታጠፊያ ላይ፣ ጭቃው ጋ፣ እንደገና እጇን አነሳች፤ እንደገና ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከእጇ ላይ አልነቀልኩም። ጥላው ወደረበበበት ጫካ ገባን፤ ቡና ለቃሚዎች ቅርጫታቸውን ይዘው መንገዱን ለቀቁልን፤ የመጨረሻው ዳገት መጣ፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጣ። እጇ ከመሪው አልተነሳም። አልተነሳም አስካል! ደጃፉ ላይ ስንቆም የጫካው ሰው ሁሉ ከቦን ነበር።

እናቷ ከቤት ወጡ። ማንንም ሰላም ሳይሉ ሁለት መዳፋቸውን ኮፈኗ ላይ አኑረው ቆዩና በካፋዎቹ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አንድ ነገር አሉ። ተሾመችን ምን አሉ ብዬ ጠየቅኳት።

«‹ትሞቃለች› ነው ያሉት» አለችኝ።

ቅዳሜ ያ የጅማ ነጋዴ መጥቶ የተሰበረ የአልጋ ብረት ብቻ ጭኖ ተመለሰ። ወንድሟም ቢሆን ደስ ሳይለው አልቀረም፤ ልጆቹን ከኋላ ጭኖ ሁለት ጊዜ ሲያዞራቸው አይቻለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሾመች ዋጫ ወሰደችኝና ለጋሽ ኢሳይያስ እውነቱን ነገርኳቸው። እሳቸውም ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ «ሞተሩስ ሞተ፤ እኔ ግን ያን ምስኪን ቤንዚን ሻጭ አንድ ዓመት ተኩል ስረግመው ኖሬያለሁ። አብረን ሄደን ይቅርታ እንጠይቀው» አሉኝ። ሄደን ጠየቅን። ሰውዬው ምሳ ሳትበሉ አልለቃችሁም አለ።

አሁን ያንቺው ቀረ።

በፋሲካ፣ እንግዶች ፊት፣ «አታጉረምርሚ፤ አፍሽን ከፍተሽ ተናገሪ!» ብዬ ጮኼብሻለሁ። ከዚያ በፊትም ስንት ጊዜ። አንቺም ፀዲን ላርሳት ብለሽ ሄድሽ፤ ይኸው ሰባት ወር። እኔ የሰላሐዲንን ድምፅ፣ የጋሽ ኢሳይያስን፣ የሞተርን ጉርምርምታ እሰማ ነበር። ስለዚህ ጆሮዬ ደህና ነው ብዬ አመንኩ። ለካ የሚሄደው ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ የጠጠሩ፣ የወፉ፣ ያንቺ። ከሁሉ በፊት የጠፋው ያንቺ ስለሆነ ሆን ብለሽ የደበቅሽብኝ መስሎኝ ነበር። ስትደውዪም «ኔትወርክ የለም» እያልኩ ዘጋሁብሽ። ኔትወርኩ ደህና ነበር። ዝማሬ የተወለደች ጊዜ ለቅሶዋን በስልክ አሰማችሁኝ አይደል? «እሰይ፣ እንዴት ያለ ድምፅ ነው!» ያልኩት ምንም ሳልሰማ ነው።

ትናንት ሆስፒታል ሄድኩ። አንዷ ነርስ ከኋላዬ ቆማ ስትናገር ሰላሐዲን ነው የመለሰላት። ጅማ ወደሚገኝ የጆሮ ሐኪም ጻፉልኝ፤ ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ፣ ኅዳር 24 ነው። የሚሰካ መሣሪያ አለ ይላሉ፤ ለሁሉም አይሆንም ይላሉ። ተሾመች በላንድሮቨሯ ካልወሰድኩዎት ብላ ምላለች፤ ሰላሐዲንም ኮምፒውተሩን ትቶ ሊከተለን ነው፤ መንገድ ላይ ብትቆም መሰኪያ ሊፈልግላት መሆኑ ነው። ፍሬኗንና ጎማዎቿን እያየሁላት ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንድ ሰው ቮልስዋገን ይዞልኝ መጣ። አምፖሏን አሳየሁት፤ ዝናዋ ገበያ ደርሷል።

ወደ ጅማ የሚሄደውን ወረቀት የሞላው ልጅ ስሜን፣ ዕድሜዬን ከጠየቀ በኋላ፣ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ አንዷን መስመር በእስክሪብቶው ነካልኝ። «አብሮ የሚመጣ ሰው» ትላለች። ሰላሐዲን አጠገቤ ቆሟል፤ የሱን ስም ማስጻፍ እችል ነበር። ያንቺን ከነአባትሽ አስጻፍኩ። ስልክሽንም በቃሌ ነገርኩት። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሕፃኗም ገና ናት፤ አልጨቀጭቅሽም። መጻፉን ግን ጽፎታል።

ፀዲን ጉንጯን፣ ዝማሬን እግሯን ሳሚልኝ። የቁልቢው ገብርኤል፣ የሰፈራችሁ ጎረቤት፣ በክንፉ ሥር ያሳድራችሁ።

ሰውሽ
ግዛቸው