አሥራ አንድ ቀን «መስመር የለም»

ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሽ ዳኘው፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ያ የወገብዎ ሕመም ተሻለዎት? ጥሩዬስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከነቤተሰቤ፣ ሰዉም ከብቱም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ነን ስል ግን ሙሉው እውነት እንዳይመስልዎት። ፖስታ ከፍቶ የሚያነብ አይጠፋምና ይህን ደብዳቤ በባለቤቴ በአልጣሽ ወንድም በሙሉሰው እጅ ልኬዋለሁ። እሱም ቢሆን ሰው ነውና በሰም አሽጌዋለሁ፤ ሰሙ ተሰብሮ ካገኙት ይወቁት።

መቼም የኔ የበርበሬ ንግድ የቆመው በስልክ ነው። እርስዎ የመርካቶውን ዋጋ ካልነገሩኝ እኔ እዚህ ቡሬ ዕውር ነኝ። ኅዳር ሃያ አራት ቀን ስልኩ ድርግም አለ። ስልክ ቤት ሄጄ የምታገናኘዋን ልጅ ማሚቱን ብጠይቃት ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ መስመር የለም አለችኝ። በማግስቱም መስመር የለም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ደጅ ጠናሁ።

በሰባተኛው ቀን ያ ነጋዴው ቸኮለ መጥቶ በርበሬህን ልግዛህ አለኝ። ዋጋው ሳይወድቅብኝ ብዬ ሃያውን ኩንታል ሰጠሁት። በማግስቱ አንድ የጭነት ሾፌር ሲነግረኝ መርካቶ ላይ ኩንታሉ ሃምሳ ብር ጨምሮ ኖሯል! አንድ ሺህ ብሬ እንዲሁ ውኃ በላት። እንዴት አልጠረጥር? ማሚቱ በዚያው ሰሞን አዲስ ጫማ አድርጋለች። ቸኮለም በስልክ ቤቱ ደጅ ሲያልፍ ባርኔጣውን ሲያነሣላት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ለሱ ዋጋ ትነግረዋለች፣ ለኔ መስመር የለም ትለኛለች ብዬ ደመደምሁ። ይቅር ይበሉኝና፣ አንድ ቀን እርስዎንም ከቸኮለ ጋር የተሻረኩ መስሎኝ ነበር። አባታችን «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» እያሉ አይደል ያሳደጉን።

ከዚያ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ በስልክ ላይ አሻጥር የሚሠራ ሰው አለ አልሁ። ስም አልጠራሁም፤ ወደ ማሚቱ ዞር ብዬ አየሁ እንጂ። ሊቀ መንበሩ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። በማግስቱ አሰሯት።

በአሥራ አንደኛው ቀን የመስመር ጠጋኞች መጡ። ሽቦው የተበጠሰው ወደ ፍኖተ ሰላም መውጫ፣ ከአንድ አዲስ የባሕር ዛፍ ጉቶ አጠገብ ነው፤ ሠላሳ ክንድ ያህልም ተወስዷል አሉ። ጋሼ፣ ጉቶው የኔ ነው! ለአዲሱ የበርበሬ መጋዘኔ ማገር ብዬ በገዛ መጥረቢያዬ የጣልሁት ዛፍ ነው። ሲወድቅ ሽቦ ይዞ ወረደ። በዚያ መንገድ ከድሮ ጀምሮ የማይሠራ ሽቦ ተንጠልጥሎ ስለነበር እሱ መስሎኝ ጠቅልዬ አመጣሁትና ማገሩን አሰርሁበት። አገር ምድሩን ስጠረጥር ያ ዛፍ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም። ቸኮለም ቢሆን ለካ ገና በሁለተኛው ቀን ወንድሙን በአውቶቡስ አዲስ አበባ ልኮ ዋጋ አስጠይቆ ኖሯል።

ማሚቱን ግን ሽቦውን ከግብረ አበሮቿ ጋር ቆርጠው የት እንዳደረሱት ካልተናገረች አንለቅም ብለዋል። ምኑን ትናገር? እናቷ እትዬ እማዋይሽ ጠዋት ጠዋት ስንቅ ይዘው በደጄ ያልፋሉ። ትናንት ቆም አሉና፣ ጫማውን እንኳ እኔ ነኝ የገዛሁላት፣ አንተ ቃልህ ይሰማልና ተናገርልኝ ብለው ጉልበቴን ሊይዙ ጎንበስ አሉ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

አልጣሽ ሽቦውን ቅበረውና ዝም በል፣ ልጆችህን አስብ ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ በዚህ ዘመን ዛፍ ነው የጣለው ቢሉት ማን ያምናል? ሊቀ መንበሩም ዛሬ መንገድ ላይ አግኝቶኝ መጋዘንህ አማረ አለኝ። ምን ማለቱ ይሆን? ፈርቻለሁ ጋሼ፣ አልዋሽዎትም። የእትዬ እማዋይሽን ጎንበስ ማለት ግን አልቻልሁትም። ነገ ጠዋት ሙሉሰውን መኪና ላይ አሳፍሬ እንደተመለስሁ ሽቦውን ፈትቼ በትከሻዬ ይዤ ቀበሌ እገባለሁ።

ለጥሩዬ ሰላምታዬ ይድረሳት። ቅቤ ልኬላታለሁ፤ ሦስት ኪሎ ነው፣ ሙሉሰው ሲያስረክብ ትመዝነው። ያይኔአበባንና ታናናሾቿን ሳሙልኝ። እናታችን ዓይንዎን ሳላይ አልሙት እያሉ ይመርቁዎታል። አልጣሽም እጅ ነሥታለች።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ከስልክዎ አጠገብ አይጥፉ። ማሚቱ ቡሬ ነው ስትል ከሰሙ ወጥታለች ማለት ነው። ከሷ ቀጥሎ የኔን ድምፅ ካጡ ግን፣ አደራ፣ መስመሩን አይጠርጥሩ።

ታናሽ ወንድምዎ ቢሆነኝ
ቡሬ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1976 ዓ.ም.