ያለ ኮድ አይገባም

እሑድ
በሥራ ባልደረባዬ በጋሽ ግርማ አካውንት ሌላ ሰው ገብቷል። ጠዋት የመግቢያ መዝገቡን ስከፍት አየሁት፤ የተገባው ከባሕር ማዶ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ከካርቱም አልወጡም። በእርዳታ ቢሮአችን ፋይል ውስጥ ከአሠሪዎቻቸው ያመለጡ ሴቶች ስምና አርካዊት ሰፈር የተጠለሉበት ቤት ተጽፏል። ሙዲራችን፣ የቢሮው ኃላፊ ኡስታዝ ከማል፣ "ያላ፣ ዛሬውኑ ዝጊው" አለኝና ለሴቶቹ ሌላ ቤት ሊፈልግ ወጣ። የሁሉንም ፓስዎርድ ቀየርኩ። ከነገ ጀምሮ፣ በስልክ የሚላክ ኮድ ሳያስገባ ማንም አይገባም።

ሰኞ
ቀኑን ሙሉ ስድብ ስሰማ ዋልኩ። ኮዱ ለአንዳንዱ ይደርሳል፣ ለአንዳንዱ አይደርስም። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሰላምታ ነፈገችኝ። ምሳ አልበላሁም።

ማክሰኞ
ጋሽ ግርማ ከወንዙ ማዶ፣ ከኦምዱርማን ኢንተርኔት ቤት ደወሉ። ከሴቶቹ አንዷ፣ የወሎዋ ልጅ ቶይባ፣ ነገ ወደ አገሯ ትበራለች፤ የጉዞ ደብዳቤዋ ፋይሉ ውስጥ ነው፣ ኮዱም አልመጣላቸውም።
"ልጄ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ደንቡን አንሺልኝ። ልጅቷ እንዳትቀር።"
አንድ ጊዜ ብጫን ይበቃ ነበር። ጣቴን አስጠግቼ መለስኩት። ደብዳቤውን ቢሮ አትሜ፣ በዚያ ሙቀት በአውቶቡስ ድልድዩን ተሻግሬ ወሰድኩላቸው። ቀና ብለው ሳያዩኝ ተቀበሉኝ። ስመለስ አለቀስኩ።

ረቡዕ
ቶይባ በረረች።
መዝገቡን አየሁ። ትናንት ጋሽ ግርማ ደውለው ከዘጉ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ፣ ያ ሰው በአዲሱ ፓስዎርዳቸው ሞክሯል። ፓስዎርዱ ትክክል ነው። ያቆመው ኮዱ ብቻ ነው። ወስጄ አሳየኋቸው። ሁልጊዜ የሚጠቀሙት የዚያኑ ኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ነው፤ የሚጽፉትን ሁሉ የሚሰርቅ ነገር ሳይኖርበት አይቀርም። መዝገቡን ደግመው አነበቡት።
"በሩን የከፈትኩት እኔ ነኛ።"
"አላወቁም ነበር" አልኳቸው። አልተጽናኑም።

ሐሙስ
ቶይባ ከደሴ ደወለች፤ እናቷ ከጎኗ ሆነው ሲመርቁን ይሰማል። ኮድ ለማይደርሳቸው ሁለት ሰዎች፣ በኮዱ ምትክ አንዴ ብቻ የሚሠሩ ቁጥሮች በወረቀት አትሜ ሰጠሁ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ዛሬ "እንዴት አደርሽ" አለችኝ።
ጋሽ ግርማ ከሰዓት በኋላ መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። "ያ ሰው መጀመሪያ የገባ ቀን የሴቶቹን አድራሻ አንብቦት ይሆን?"
መዝገቡ መግባቱን እንጂ ያነበበውን አያሳየኝም። አላውቅም አልኳቸው።
ኡስታዝ ከማል ቤት አግኝቷል። ነገ ጁምዓ ነው፣ መንገዱ ጭር ይላል፤ ሴቶቹን የሚያደርሷቸው ጋሽ ግርማ ናቸው። የአዲሱን ቤት አድራሻ ፋይሉ ውስጥ አላስገባሁም። እዚህም አልጽፈውም።