ቺንጋው ያመጣው ሰውዬ

ማክሰኞ፣ ማርች 8፣ 1994

ሜምፊስ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። በሚስ ኦፓል የፀጉር ሳሎን እስከ ምሳ የሰባት ሰው ራስ አጠብኩ። ጣቶቼ እንደ ዘቢብ ተጨማደዋል።

ዘፈኔን የቀረጸልኝ ማርቬል ካሴቱን ለመኪና ሬዲዮ ሱቁ ከሰጠ ሁለት ሳምንት ሆነው። ስልሳ ቅጂ። የመጀመሪያ ዘፈኔ። በእናቱ ቤት፣ የክረምት ካፖርት በሚሰቀልበት ጓዳ ውስጥ ነው የቀረጽነው፤ ድምፄ እንዳያስተጋባ ፊቴን ካፖርቶቹ መሐል ቀብሬ። አንዱ የእሳት እራት መድኃኒት ይሸት ነበር... እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ በልቤ ራፕ ስል ኖሬ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ካፖርት ውስጥ ወጣልኝ።

ካሴቱ ላይ በስሜ ፋንታ የተጻፈው «ዲ-ፓርክ» ብቻ ነው። ማርቬል ነው ያወጣልኝ። «ደኔትሪያ ፓርክስ ብዬ ብጽፍ ለዘፈኑ ርዕስ ቦታ አይተርፍም» አለ።

አንድ ሰው እንኳን ምንም አላለኝም። አልሰሙት ይሆን? ወይስ ሰምተው ዝም? የትኛው ይሻላል?

ቅዳሜ፣ ማርች 12

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴትዮ ራሷን ገንዳው ላይ ጥላለች፣ እኔ አረፋ በአረፋ ሆኛለሁ። ውጭ የትራፊክ መብራቱ ላይ አንድ አሮጌ መኪና ቆመ። ቴፑ ሲጮህ የሳሎኑ መስኮት መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ቃሎቹ የእኔ ናቸው።

*ጥግ ላይ ቆሜ ማን ከየት እንደሚወጣ አውቃለሁ፣*
*የማንም በር ሲከፈት አስቀድሜ አያለሁ...*

ቃሎቹ የእኔ፣ ድምፁ የወንድ። ወፍራም፣ ቀርፋፋ፣ ለምንም የማይቸኩል ወንድ።

«ልጄ፣ ጆሮዬ ውስጥ ውሃ እየገባ ነው» አለች ሴትዮዋ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ሰውዬው ሄደ።

ማን ነው?

እሑድ፣ ማርች 13

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ማርቬል ጋ። ከሱቁ የተመለሰ አንድ ቅጂ ነበረው፣ ከፈትነው። ሰውዬው መጣ። ማርቬል መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ባለሁለት ካሴቱን ቴፕ ገልብጦ መፍታት ጀመረ።

ቴፑን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው ነው። ዋናውን ካሴት የሚያጫውተው በኩል ያለው ቺንጋ ላልቷል። ቴፑ እየጎተተ ሲያጫውት ሌላው ጎን እንዳለ ቀድቶታል። ስልሳውንም። ማርቬል ሲቀዳ ድምፁን ዘግቶ ቴሌቪዥን ያያል፤ እንዴት ይስማ?

«አስተካክለው» አልኩት።

«ማስተካከሉንማ አስተካክለዋለሁ... ግን ስሚኝ እስቲ። ሱቁ መቶ ጨምርልኝ ብሏል።»

«ታዲያ በትክክለኛው ቅዳላቸው።»

«ደኔትሪያ፣ መቶ የጠየቁት እኮ አንቺን አይደለም። ሰውዬውን ነው።»

አንዱን ካሴት ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሁሉ መልስ ስፈልግ ነበር።

ሐሙስ፣ ማርች 17

ሳሎኑ ስለ ሰውዬው ነው የሚያወራው። እኔ አጥባለሁ፣ እሰማለሁ።

«ዲ-ፓርክ ከኦሬንጅ ማውንድ ሰፈር ነው» ትላለች አንዷ።

«ኧረ ተይ፣ ከደቡብ ሜምፊስ ነው። ታስሮ ነው የወጣው። እንደዛ የሚያወራ ሰው ያልታሰረ አለ?»

ቫኔስታ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ናት። ሁልጊዜ ሐሙስ ትመጣለች። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ይጮኻል፦ «እኔ አውቀዋለሁ። በደንብ ነው የማውቀው። ከገና በፊት ቤቴ ይመላለስ ነበር።»

«ምን ይመስላል?»

«ረዥም። ዝምተኛ። እጁ ለስላሳ።»

እጄን አየሁት። ለስላሳ ነው መቼም... ሻምፑው ነው።

የገረመኝ ሌላ ነው። ዘፈኑ አውቶቡስ ስለ መጠበቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ፓርክ ጎዳና ጥግ ላይ በብርድ ቆሜ ማን በስንት ሰዓት ከቤቱ እንደሚወጣ በቃሌ ስላጠናሁ ነው። በእሱ ድምፅ ሲሆን ግን ሰው ላይ ሊያደባ የቆመ አስመሰለው። «ያስፈራል» አሉ። አንድም ቃል አልተቀየረም። ታዲያ የሚያስፈራው ነገር ያለው ምን ላይ ነው? ቃሉ ላይ ካልሆነ ምን ላይ?

ማክሰኞ፣ ማርች 22

ቤት ማንም በሌለበት እንደ እሱ ለማውራት ሞከርኩ። ሳል ያዘኝ።

ማክሰኞ፣ ማርች 29

ማርቬል ዜና ይዞ ሳሎኑ በር ላይ መጣ። ኤፕሪል 23፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በባለጎማ ጫማ የሚንሸራተቱበት ስኬቲንግ አዳራሽ ውስጥ ዲ-ፓርክ እንዲዘፍን ይፈልጋሉ። ከሬዲዮ ጣቢያ አንድ ሰውም ይገኛል። የአጎቱ ልጅ ሮዳሪየስ መድረክ ላይ ቆሞ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ካሴቱ ይዘፍናል።

«እኔስ?»

«አንቺማ ትጽፊያለሽ። እኔ እቀዳለሁ። እሱ ይቆማል። ለሁሉም ሥራ አለው።»

«በገዛ ድምፄ ብወጣስ?»

መሬት መሬት አየ። «ይስቁብሻል። የፈሩትን ሰውዬ ጠብቀው አንቺ ስትወጪ... ያን ጊዜ ሰውዬውም የለ፣ አንቺም የለሽ።»

ክፋት የለውም። ይሄን አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው ያሳሰበኝ። ትክክል ቢሆንስ?

እሑድ፣ ኤፕሪል 3

ፋሲካ። እናቴ ቢጫ ኮፍያዋን አድርጋለች። የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ስንደርስ አንድ መኪና መስኮቱን ከፍቶ አለፈ፣ ሰውዬው ከቴፑ ይዘፍናል።

እናቴ ቆመች።

«ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«አላውቅም» አልኳት። በፋሲካ ዋሸሁ።

«ሬይፎርድ እንቅልፍ ሊወስደው ሲል እንዲህ ነበር የሚያወራው።»

ኮፍያዋን አቃንታ ገባች።  ስብከቱ አንድም ቃል አልገባኝም።

ሬይፎርድ አባቴ ነው። ሁለት ዓመቴ ሳለ ዲትሮይት ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። ሁለት ፎቶ አለን። ድምፁን አላስታውስም፣ አስታውሼውም አላውቅም።

ኤፕሪል 4

በላላው ቺንጋ የተቀዳውን ካሴት አራት ጊዜ ሰማሁት። ዘፈኑን አይደለም። መጨረሻ ላይ ካፖርቶቹ መሐል ሆኜ ማርቬልን «በቃ?» ያልኩትን። ሰውዬው በዝግታ «በ...ቃ?» ይላል። ደክሞት፣ በደግነት።

ማርቬልን ቺንጋውን አታስተካክል ብለውስ? ሰውዬው በዚሁ ቢኖርስ? እኔ ማንም ሳያየኝ እየጻፍኩለት... እናቴ በመኪና ሲያልፍ እየሰማችው። ማን ይጎዳል?

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 9

ሮዳሪየስ ልምምድ መጣ። መጋዘን ውስጥ ጭነት የሚያወርድ ረዥም፣ ዓይን አፋር ልጅ። ሱፍ ሲቆረጥም ቅርፊቱን መሬት አይጥልም፣ ኪሱ ውስጥ ነው የሚከተው። ቫኔስታ ብታየው ኖሮ እሱ ነው ትል ነበር።

አፉ ከቃሉ ጋር ይሄዳል። ትንፋሹ ነው አልሄድ ያለው። እኔ የምተነፍስበት ቦታ ላይ እሱ አፉን ከፍቶ ይቀራል።

«እዚህ ጋ ለምን ትቆሚያለሽ?» አለኝ። «የቃል ማብቂያም አይደለ።»

አስቤበት አላውቅም ነበር። ቴፑን መለስነው። አሰብኩ።

«አውቶቡሱ ዳገቱ ላይ ብቅ ሲል ነው» አልኩት። «ያንተ ይሁን አይሁን ቁጥሩ እስኪታይህ ድረስ ትንፋሽህን ትይዛለህ።»

ሱፉን መቆርጠም አቆመ። «አውቶቡስ? እኔ ሰው ልትገድዪ መስሎኝ ነበር እኮ።»

ማርቬል ሳቀ። ሮዳሪየስ አልሳቀም። «ይሄንን እኔ እንዴት ብዬ ነው የምቆምበት?» አለ፣ ለማርቬል ይሁን ለእኔ ሳይለይ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 16

ደንበኞቹ ሲያልቁ ሚስ ኦፓል ጫማቸውን አውልቀው የማጠቢያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «እስቲ እኔንም እጠቢኝ።»

ውሃውን ለቀቅሁ።

«ሰውዬው የሚቀጥለው ቅዳሜ ስኬቲንግ አዳራሽ ይመጣል አሉ» አሉኝ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«ሰምቻለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ዓመት ሙሉ በእኔ ገንዳ ላይ ያን ዘፈን ስታንጎራጉሪ ኖረሽ፣ የማላውቅ ይመስልሻል?»

እጄ ቆመ።

«እጠቢ፣ አታቁሚ። ለማንም አልተናገርኩም። ለቫኔስታ ብናገር ሐዘን ትቀመጣለች።»

«ምን ላድርግ ሚስ ኦፓል?»

ራሳቸውን ገንዳው ላይ አመቻቹ። ከዚያ፦ «እኔ የማውቀው ፀጉር ነው። ሰው የሌላ ሰው ፀጉር ቀጥሎ ይሄዳል፣ ያምርበታልም። ሥሩ ሲያድግ ግን እኔ ጋ መምጣቱ አይቀርም።» ፎጣውን ተቀበሉኝ። «ውሃው ትንሽ ሞቅ ቢል ይሻል ነበር።»

ኤፕሪል 23፣ ጠዋት

ዛሬ ነው። ቁርስ እምቢ አለኝ። ገና አልወሰንኩም። ወይስ ወስኜ ነው ቁርስ እምቢ ያለኝ?

እሑድ፣ ኤፕሪል 24

እንደነበረው ልጻፈው፣ ኋላ እንዳላሳምረው።

አዳራሹ ሞልቷል። ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ ባለጎማ ጫማውን አድርጎ ዙሪያውን ይሽከረከራል። ሮዳሪየስ ጥቁር መነጽር አድርጎ ወጣ። ሰውዬው ጀመረ። ጩኸቱ መሬቱን አንቀጠቀጠው። የመጀመሪያውን ክፍል ጥሩ አድርጎ ጨረሰው። እኔ ከማርቬል ጎን፣ ከቴፑ አጠገብ፣ ሁለተኛው ማይክ እጄ ላይ። ለምን እንደያዝኩት ማርቬል አልጠየቀኝም።

ትንፋሽ የምይዝበት ዳገቱ ጋ ደረስን። ሮዳሪየስ አፉን ዘጋ። ትንፋሹን ያዘ። ልክ ቦታው ላይ... ተምሮታል። መነጽሩን አወለቀና ወደ እኔ ዞረ።

ወጣሁ። ሁለተኛውን ክፍል ከሰውዬው ጋር ጀመርኩ። ከእሱ እኩል ለመሄድ ቃሉን መጎተት ነበረብኝ፣ እግር እንደታመመ ሰው ጎን እንደመሄድ። ሁለት ድምፅ። የእኔ ላይ፣ የእሱ ታች። ለአንድ ስንኝ ያህል አብረን ነበርን። እሷን ስንኝ ለማንም አልሰጥም።

ከዚያ ማርቬልን አየሁት። አንገቱን ነቀነቀ፣ አይሆንም ብሎ። እኔ ደግሞ ዝጋው ብዬ ነቀነቅሁ። ቴፑን ዘጋው።

የቀረው የጫማዎቹ ጎማ ድምፅ ብቻ። ሽው፣ ሽው። በሱ ላይ ቀጠልኩ፣ በራሴ ፍጥነት፦

*ብርዱ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ጣቴን አንድ አንድ ሲቆጥር...*

«ሴት ናት እንዴ?» አለ አንዱ። ሳቅ ተነሣ። «ሰውዬውን መልሱልን» የሚል ድምፅ ከኋላ። ብዙ ሰው ወደ ከረሜላ መሸጫው ሄደ። የሬዲዮ ጣቢያው ሰው ሰዓቱን አየ። 

ግን አጥሩ አጠገብ የወጥ ቤት ሠራተኛ ልብስ የለበሰች፣ ባለጎማ ጫማዋን ገና ያላሰረች ሴት ነበረች። ወደ ጓደኛዋ ዞር ብላ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦

«ይሄ እኮ አውቶቡስ ጥበቃ ነው።»

ጓደኛዋም፦ «ሃምሳ ስድስት ቁጥር። የማይመጣው።»

ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሌሎችም ነበሩ። አልቆጠርኩም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 28

ማርቬል አዲስ ቺንጋ አስገባ። ሱቁ «የትኛውን ነው የምትልኩልን፣ የሴትዮዋን ወይስ የሰውዬውን?» ብሏል። የሴትዮዋን ላክን፣ የፈለጉት ግን ትንሽ ብቻ ነው። ሬዲዮ ጣቢያው አልጠራንም። ሮዳሪየስ በሚቀጥለው ቅጂ ላይ ትንፋሹን ብቻ ልቅረጽልሽ ብሎ ቀለደ። ቀልድ ከሆነ።

ቫኔስታ መጣች። ስለ ቅዳሜው ሰምታለች። ገንዳው ላይ ተጋድማ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፦ «አዝናለሁ እህቴ። ዘፈንሽን እንደሰረቀሽ አልነገረኝም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነው ለካ።»

ሚስ ኦፓል ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

አንዱን የላላ ካሴት ለእናቴ ሰጠኋት። ድምፁ የእኔ መሆኑንም ነገርኳት። ዘፈኑን ሳይሆን መጨረሻውን፣ «በቃ?» የሚለውን መልሳ መልሳ ሰማች። ከዚያ «አይ፣ እሱስ አይደለም» አለች። «እሱ ጠይቆ አያውቅም።» ካሴቱን ግን አልመለሰችልኝም።

ዛሬ ጠዋት ፓርክ ጥግ ላይ ቆሜ ሳለ ያ አሮጌ መኪና መጣ። መብራት ያዘው። አሁንም ሰውዬውን ነው የሚሰማው። ዘፈኑን ከእሱ ጋር ማለት ጀመርኩ፣ በራሴ ፍጥነት፣ ጮክ ብዬ። ቀደምኩት። አውቶቡሱ ዳገቱ ላይ ብቅ አለ፣ ትንፋሼን ያዝኩ... የእኔው ነው።

በመስኮት ዞሬ አየሁ። ሰውዬው መኪናው ውስጥ ቃሉን እየጎተተ ገና ጥጉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ተሳፍሬያለሁ።