ሁለታችንም አልፈልግም ስላልነው ቤት

ለተከበሩ የፍቺና የንብረት ጠበቃ
ዳውንታውን ዴንቨር

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎና ከነጸሐፊዎችዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከሕንፃዎ ሥር ባለው ፓርኪንግ የምሠራው እንዳሻው ጤናዬን ይዤ አለሁ፤ ሌላውን እርስዎ አቅልለውልኛል። በአደባባይ የምጽፍልዎ ውለታዎ በጓዳ የሚመለስ ስላልሆነ ነው።

1ኛ. ባለቤቴ እንቁና እኔ ተኳርፈን ቢሮዎ በመጣን ጊዜ፣ ግሪን ቫሊ ራንች ያለውን ቤታችንን ማን እንደሚፈልገው በትሕትና ጠየቁን። እኔ አልፈልግም፣ ልጃችንን ሄርሞንን ይዛ እሷ ትኑርበት አልኩ። እሷም አልፈልግም፣ የደከመበት እሱ ነው፣ እሱ ይውሰደው አለች። ክቡርነትዎም እንዲህ ያለ ቀላል ጉዳይ ገጥሞዎት እንደማያውቅ በደስታ ነግረውን፣ ሁለቱም የማይፈልጉት ቤት ነው ብለው እንዲሸጥ አስፈረሙን። ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ።

2ኛ. በእኛ ዘንድ ሰው ለምሳ ሲጋበዝ እንኳ አንዴ ሳይግደረደር እጁን አይታጠብም፤ በሞቴ እስኪባል ይጠብቃል። በሞቴ ማለትን የሕግ ትምህርት ቤት ስላላስተማረዎት አልወቅስዎትም። አውሮራ የሚኖሩት ሽማግሌያችን አቶ ተክለሚካኤል ነገሩን ሲሰሙ፣ አንቺ ውሰጂ አንተ ውሰድ የሚባባሉ ባልና ሚስት ምን ሊያፋታቸው ነው ብለው ራሳቸውን ያዙ። እሳቸው ቢሆኑ እዚያው ይቅር አባብለው ወደ ቤታችን ይመልሱን ነበር። ወደ እሳቸው ያልሄድነው ጉዳችን እንዳይሰማ ፈርተን ነው፤ ይኸው አሁን እኔው በአደባባይ እጽፈዋለሁ።

3ኛ. ከመፈረሜ በፊት እስክሪብቶውን ይዤ መቆየቴን አስተውለው፣ ቀለሙ ያለቀ መስሎዎት ሌላ አቀበሉኝ። እንቁ አንገቷን ደፍታ ትጠብቀኝ ነበር። እኔም እሷ አንድ ቃል ትናገራለች ብዬ እጠብቅ ነበር። አሳቢነትዎን እስክሞት አልረሳውም።

ቤቱ ተሸጧል፣ ፍቺውም ጸድቋል። ይህ ደብዳቤ አንዳች ነገር ይመልሳል ብዬ አይደለም፤ ከፍቶኛል፣ ለመናገር ያህል ነው።

መኪናዎ ሲገባና ሲወጣ ማገጃውን የማነሣልዎ፣ በእርስዎ ብርታት ከትዳርም ከቤትም ነፃ የወጣሁ፣ ጠዋት ጠዋት እጅ መንሣቴን የማላጓድልብዎ ታዛዥዎ፣
እንዳሻው

ማሳሰቢያ፦ ትምህርትዎ በእንቁም ዘንድ መስረጹን ልመስክርልዎ። ባለፈው እሑድ ሄርሞንን እንቁ አሁን ወደምትኖርበት ወደ ቶርንተን ሳደርስ፣ እንቁ በር ላይ ቆማ ግባና እራት ብላ አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ በልቻለሁ አልኩ። እሷም እሺ ብላ በሩን ዘጋች።