ስልክ የሌለኝ ሰው በስልክ ስለመስማማቴ

ለተከበሩ የከተማችን የይዞታ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነኮምፒውተሮችዎም ጭምር፣ በመልካም ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሽብሩ ኤርጫፎ፣ ከሆሳዕና ወጣ ብላ በምትገኘው ትንሽ ከተማችን የምኖር ጡረተኛ የጤና ረዳት፣ እግዚአብሔር ይመስገን እስከ ዛሬ ደህና ነኝ። ይህንን ራሴ የምገልጽልዎ፣ በስሜ የሚናገር ሌላ ሰው ስላለ እንዳይደናገሩ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። በቀደም ከገበያ ስመለስ፣ ሟች ባለቤቴ ዓለሚቱ በተከለችው እንሰት መሐል ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች ተተክለው አገኘሁ። በማግስቱ ቢሮዎ ስቀርብ ሠራተኛዎ ወይዘሪት ሐዳሳ በትሕትና ተቀብላ ኮምፒውተሯን ተመለከተችና፣ «ጋሼ፣ ጓሮውን ለመንገድ ሥራ እንዲለቁ በስልክ ተጠይቀው ተስማምተዋል እኮ» አለችኝ። ስልክ እንደሌለኝ፣ ኖሮኝም እንደማያውቅ፣ የሚፈልገኝ ሰው ቤቴ መጥቶ እንደሚያገኘኝ ነገርኳት። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ በስሜ ወደተመዘገበው ቁጥር እዚያው ፊቴ ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አቤት፣ ሽብሩ ኤርጫፎ ነኝ» አለ አንድ ሰው፤ ረጋ ያለ፣ ጨዋ ድምፅ ነው።

«ጋሼ፣ በጓሮው ጉዳይ ሐሳብዎን ቀየሩ እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ፣ ልጄ። ለልማት አይደል? ደስ ብሎኝ ነው የለቀቅኩት።»

ሐዳሳ ስልኩን ዘግታ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ታዲያ እርስዎ ማን ነዎት?» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ የዚህችን ከተማ ግማሽ ሕዝብ መርፌ ወግቻለሁ፤ እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ ግን አላውቅም። እሷም ወንበር ሰጠችኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ። እኔ እኔ መሆኔን ለማስረዳት መታወቂያዬን ባወጣ፣ መጀመሪያ የማረጋገጫ ቁጥር በስልኬ እንደሚላክልኝ፣ እሱንም ይዤ መቅረብ እንዳለብኝ ተነገረኝ። ቁጥሩ ተላከ። ለሰውዬው በሰላም እንደደረሰው አልጠራጠርም።

ሦስተኛውን ምስጋና ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። በስሜ ስልክ ቁጥር ለማውጣት የመታወቂያዬ ኮፒ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ኮፒውን ለይዞታ ካርታ እድሳት ለጽሕፈት ቤትዎ ከመስጠቴ በቀር ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ሰውዬው ከየት እንዳገኘው ልጠይቅዎ ብመጣ፣ ከእርስዎ ጋር ቀጠሮ የሚያዘው በስልክ ብቻ መሆኑን ጥበቃው በአክብሮት አስረዳኝ።

ትናንት ደግሞ ልጄ ሰብሌ ከምትኖርበት ከሺንሺቾ ሳትናገር መጣች። በር ላይ ቆማ አየችኝና አለቀሰች። ከዚያው ቁጥር ተደውሎላት፣ አባትሽ ነኝ የሚል ሰው ቤቱን ለቅቄ ሄጃለሁና ወደዚህ እንዳትመጪ ብሏት ኖሯል።

«ድምፁ ያንተ አይደለም፣ አባዬ» አለችኝ። «ሞተህ የደበቁኝ መሰለኝ።»

ስለ ልጄ ማን እንደነገረው አላውቅም። ለማንም ስለማልደውል ብቻዬን የቀረሁ መስሎት ከነበረ ግን ተሳስቷል። ሰብሌ ወደ ሺንሺቾ አልተመለሰችም፤ ከትናንት ጀምሮ በሩን የምንዘጋው አብረን ነው።

የጽሕፈት ቤትዎን የሥራ ቅልጥፍና እያደነቅሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና በስምዎ የማይናገር ስልክ እመኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣ በአካል፣
ሽብሩ ኤርጫፎ

ማሳሰቢያ፦ መልስ ሊሰጡኝ ቢያስቡ እባክዎ አይደውሉ፤ ሰውዬው ምንም ቅሬታ እንደሌለኝ ይነግርዎታል። ይልቅ ጓሮዬን ሊጠርግ ሐሙስ ይገባል ለተባለው ዶዘር ሹፌር፣ ከእንሰቱ ሥር ሁለት ሰዎች ተቀምጠው እንደሚያገኝ ያሳውቁልን። እሱ ቢያንስ ዓይን አለው።