አጥቂ ቁጥር አንድን ከመለማመጃ ማሽኑ ስለማስወጣት

ለክቡር የመሥሪያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ለጥበቃና ሥልጠና ክፍል፤ ለሰው ሀብት ክፍል
ቀን፦ ሰኔ 11

ጉዳዩ፦ ፊቴ ከጥበቃ ሠራተኞች መለማመጃ ማሽን ውስጥ እንዲወጣልኝና በበሩ በሰላም እንዳልፍ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ የኖርኩ ሠራተኛ ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ድምፄን ከፍ ያደረግሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም መደርደሪያ እግሬ ላይ ሲወድቅ ነበር። ይህን የምጠቅሰው ለመመጻደቅ ሳይሆን ለጉዳዩ ስለሚያስፈልግ ነው።

1. ባለፈው ጥር ወር ለጥበቃ ሠራተኞቻችን በኤሌክትሪክ የሚነዝር፣ ሰውን የማይገድል ግን መሬት ላይ የሚዘርር መሣሪያ ተሰጣቸው። መለማመጃ ማሽንም አብሮ ተገዛ። ማሽኑ ግድግዳ የሚያክል ስክሪን ነው፤ ስክሪኑ ላይ አጥቂ ይመጣል፣ ሠልጣኙ የውሸት ነዛሪውን ደቅኖ ይጫናል፣ አጥቂው ይወድቃል፣ ነጥብ ይመዘገባል። ማንም አይጎዳም። ሐሳቡ መልካም መሆኑን እኔም አልክድም።

2. ችግሩ አጥቂው እኔ መሆኔ ነው። ማሽኑ ሲመጣ አጥቂ ሆኖ የሚቀረጽ ሰው አብሮት አልመጣም። የሥልጠና ኃላፊው ተዋናይ ከመፈለግ የቤት ሰው ይሻላል ብለው በየቢሮው ሲዞሩ እኔ ዘንድ ደረሱና “አንተ ፊትህ ይናገራል” አሉኝ። ክቡርነትዎ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለ ፊቴ አንድ ቃል የተናገረ አለቃ ስላልነበረ ደስ አለኝ። ያን ቀን ጢሜን ሁለት ጊዜ ተላጨሁ። ቀራጩ ባለሙያ ግን ንዴቴ አልጥመው አለ። “አባቴ፣ ትንሽ ይቆጡ እንጂ” እያለ ቢለምነኝ ቢለምነኝ አልሆነልኝም፤ በመጨረሻ መነጽሬን ወሰደብኝ። ዓይኔ አላይ ብሎኝ እየተደናበርኩ ወደ ካሜራው ስሄድ “አሁን ገና አጥቂ ሆኑ” ብሎ አጨበጨበ። እንዲህ ሆኜ አሥራ ሁለት ትምህርት በአንድ ቀን ተቀረጽኩ። ሰካራሙ እኔ ነኝ፤ ዱላ የያዘው እኔ ነኝ፤ ጃንጥላ ይዞ የሚሮጠው እኔ ነኝ፤ በቁጥር ዘጠኝ ላይ ሻሽ አስረው ሴትዮ አድርገውኛል። ያልተቸገርኩት ፋይሉ የጠፋበትን ባለጉዳይ ስተውን ብቻ ነው፤ እሱን በየቀኑ በመስኮቴ አየዋለሁ።

3. በአሥራ ሁለቱም ትምህርት ትክክለኛው መልስ አንድ ነው፤ መጫን። ባለመጫን ነጥብ የሚገኝበት ትምህርት የለም። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈው ሪፖርት መሠረት በሦስት ወር ውስጥ ስድስት ሺህ አንድ መቶ አርባ ጊዜ ወድቄያለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ያለኝ የለም።

4. ሥልጠናው ባለቀ ማግስት በዋናው በር ስገባ ሎንጋው ብለን የምንጠራው ጠባቂ አየኝና እጁ ወደ ወገቡ ሄደ። ከእሱ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሰላም ተባብለናል፤ ሲታመም ጠይቄዋለሁ። አንገቱን ደፍቶ “ጋሼ፣ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም” አለኝ። አመንኩት። በሳምንቱ ዝናብ ጣለና ጃንጥላዬን በሩ ላይ ዘረጋሁ። ያ ትምህርት ቁጥር ሰባት መሆኑን ረስቼው ነበር። ስክሪኑ ላይ ስወድቅ ያምርብኛል፤ በሩ ላይ ግን ሎንጋው እውነተኛውን ነዛሪ ሲጫንብኝ ምሳዬ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ፣ እኔም እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጥኩ። ስለ አደጋው የተጻፈው ሪፖርት “ሠልጣኙ ፈጣንና ትክክለኛ ምላሽ ሰጥቷል” ይላል። ሎንጋው የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት ተቀብሎ ሲመለስ አለቀሰ።

5. የሥልጠና ኃላፊው መፍትሔ ብለው ጢም እንዳሳድግ መከሩኝ። አሳደግሁ። የማሽኑ ባለሙያ ይህን ሰምቶ ጠባቂዎቹ እንዳይታለሉ ብሎ ስክሪኑ ላይ ያለሁትንም እኔን ጢም አስበቀለኝ።

6. ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በሰዓቴ በሩ ድረስ እመጣለሁ፤ ሎንጋው እጁን ስለማያምነው ይመልሰኛል፣ አላልፍም። የሰው ሀብት ክፍል በር ድረስ መምጣት ሥራ ላይ መገኘት አይደለም ብሎ ዘጠኝ ቀን ቀሪ ጽፎብኛል። አሥረኛው ቀን ከሥራ እንደሚያስሰናብት በማስጠንቀቂያው ላይ ተገልጿል፤ አሥረኛው ቀን ዛሬ ነው።

ለሚከተለው ቁጥር ልሰጠው አልፈለግሁም። በሁለተኛው በር ለምን አትገባም ይሉኝ ይሆናል። በሁለተኛው በር ጥበቃ ላይ የምትቆመው ልጄ ናት። በሰሌዳው ላይ የወሩ ምርጥ ሠልጣኝ ተብላ ፎቶዋ የተለጠፈላትም እሷ ናት። እሁድ ምሳ ላይ ጨው ለማንሳት እጄን ስዘረጋ ወንበሯ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ እጇም ባዶ ወገቧን ዳበሰ። እናቷ መጀመሪያ ሳቀች። እኔ በማሽኑ ላይ ስንት ጊዜ እንደጣለችኝ ጠየቅኋት። ስምንት መቶ ጊዜ ያህል አለችኝ፤ ቀጥላም “አንዴም አልሳትኩህም አባዬ። ፊትህን ስለማውቀው ከመንቀሳቀስህ በፊት ቅንድብህን አያለሁ። እባክህ በእኔ በር እንዳትመጣ” አለችኝ። ያን ጊዜ እናቷም ሳቋን አቆመች። ክቡር ሆይ፣ ይህችን ልጅ አዝዬ ያሳደግሁ ሰው ነኝ።

ስለዚህ፦

ፊቴ ከማሽኑ እንዲወጣልኝ፤ ከማሽኑ ሻጭ ጋር በተገባው ውል ምክንያት አይቻልም ከተባለ ደግሞ ትምህርት ቁጥር አሥራ ሦስት እንዲቀረጽ እለምናለሁ። በእሱ ላይ መነጽሬን አድርጌ፣ ምሳ ዕቃዬን ይዤ እመጣለሁ፣ እንደምን አደራችሁ እላለሁ፣ አልፋለሁ። ሙሉ ነጥብ የሚያገኘው ያልተጫነው ይሁን። ዘጠኙ ቀሪም እንዲሰረዝልኝ አመለክታለሁ፤ በየቀኑ መምጣቴን የመለሰኝ ሎንጋው ራሱ ይመሰክራል። ቁጥር አሥራ ሦስት ሲደርስ ደግሞ ከሠልጣኞች ሁሉ ልጄ እንድትቀድም ይፈቀድልኝ።

ይህን አቤቱታ ራሴ ማቅረብ ስላልቻልኩ በልጄ እጅ ልኬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ሳሎናችን ውስጥ ልሰጣት ከመቀመጫዬ ስነሳ “ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በል፣ አባዬ” አለችኝ። ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ መልሼ ተቀምጬ እስክጽፍ ድረስ በሩ አጠገብ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። አሁን አስቀምጠዋለሁ፣ ወደ ኋላም እላለሁ።

ሁለቱም እጆቼ በግልጽ እየታዩ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
በማሽኑ ላይ፦ አጥቂ ቁጥር አንድ